በአጥር ላይ የተሻገረ ስንቅ

ታሪክ ለመማር አልነበረም ሃሳቤ። ነርስ ለመሆን ነበር። ለነርስነቱ ኮርስ ግን መጀመሪያ እንግሊዝኛ በደንብ መጻፍ የሚያስተምረውን የመሸጋገሪያ ዓመት ጨርሺ ተባልኩ። በዚያ ዓመት ከሚመረጡት ትምህርቶች ውስጥ ደግሞ ከሥራ ሺፍቴ ጋር የማይጋጨው ታሪክ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጠዋት ጠዋት ሜልቦርን ከተማ መሃል ቢሮዎች አጸዳለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ልብሴን ቀይሬ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሬ ክላስ እገባለሁ። ልጆቼ "ማሚ ስኩል ጀመረች" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አስተማሪያችን ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የምንጽፍባቸውን ርዕሶች ባደለበት ቀን ባቡሬ ዘገየብኝና እኔ ስደርስ ጥሩ ጥሩው አልቋል። አንዱ የባሕር ውጊያ ደርሶታል፤ አንዷ የስለላ ታሪክ ወስዳለች። ለእኔ የተረፈኝ አሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ ለወዳጅ አገሮች በውሰት የሰጠችው ስንቅና ትጥቅ ነው። ተናደድኩ። ሰው ስለ ጀግና ሲጽፍ እኔ ስለ ጣሳ ሥጋ ልጽፍ! ዲር ፓርክ ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ የሚነዳው ባለቤቴ ግን ስነግረው ደስ አለው።

"የኔን ሥራ ነው የሰጡሽ" አለኝ። "ዕቃ መጫን፣ ዕቃ ማውረድ። ጦርነት ማለት እኮ እሱ ነው፤ ሌላው ጩኸት ነው።"

እየተነጫነጭኩ ባቡር ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ ጦርነት ላይ ናት፤ መሣሪያና ምግብ የምትገዛበት ገንዘብ እያለቀባት ነው። አሜሪካ ገና አልገባችበትም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ታዲያ ጉዳዩን ለሕዝባቸው በጎረቤት ምሳሌ አስረዱት። የጎረቤትህ ቤት ሲቃጠል የአትክልት ማጠጫ ቱቦህን ታውሰዋለህ እንጂ መጀመሪያ ዋጋውን ክፈለኝ አትለውም፤ እሳቱ ሲጠፋ ቱቦህን ይመልስልሃል፣ የሚል ነው ሃሳቡ። ይህን ሳነብ ቁጣዬ በረደ። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ትልቅ ድስቱም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ መጥረቢያውም እንዲሁ ነበር ከቤት ቤት የሚዞረው። ከዚያ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ቱቦውስ ይመለሳል እንበል፤ የተበላ ሥጋ እንዴት ነው የሚመለሰው? አስተማሪውን ብጠይቀው "ግሩም ጥያቄ ነው፤ ጽሑፍሽ እሱን ይመልስ" አለኝ። አስተማሪ የትም አገር ያው ነው።

በዚያው ሰሞን እኛ በምንኖርበት በዌስት ፉትስክሬይ ሰፈር የጎን ጎረቤታችን ባላቸው ሞቱባቸው። ባልና ሚስቱ እኛ ቤቱን ከመከራየታችን ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ እዚያው የኖሩ፣ እዚያው ያረጁ አውስትራሊያውያን ናቸው። የሚለየን ደረት ላይ የሚደርስ የእንጨት አጥር ነው። እስከዚያን ቀን የነበረን ትውውቅ ከሰላምታ አያልፍም፤ ቢበዛ የትኛው የቆሻሻ ገንዳ እንደሚወጣ ሲጠፋኝ ሴትየዋ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው "ዛሬ ቢጫው ነው" ይሉኛል። አስከሬኑን የወሰደውን መኪና በመስኮት ሳይ ግን እጄ ሳላዘው ሽንኩርት መክተፍ ጀመረ። እኛ ዘንድ ሐዘን የገባበት ቤት ምድጃ አይለኮስም፤ የሚያበላው ጎረቤት ነው።

"ለፈረንጅ ለቅሶ ሳህን ተሸክመሽ ልትሄጂ ነው?" አለኝ ባለቤቴ።

"ፈረንጅ ሲያዝን አይርበውም?" አልኩት።

በርበሬ ያልነካው የክክ አልጫ ሠራሁ፤ በእንጀራ ፋንታ ሩዝ አደረግኩበትና ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ብቻቸውን ናቸው። ሰው የለም፤ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ምስሉ ብቻ ይሄዳል። ሳህኑን ተቀብለው አመሰገኑኝና እዚያው በር ላይ ቆሙ፤ ደህና ሁኚ ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ ለቅሶ ደርሼ ሳልቀመጥ መመለስ ከየት ተምሬ! አልፌ ገባሁና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ግራ ገባቸው። "ምን ልርዳሽ?" አሉኝ።

"ምንም። ልቀመጥ ነው የመጣሁት" አልኳቸው።

ቆመው አዩኝ አዩኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ብዙ ቆየን። መጨረሻ ላይ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው አለቀሱ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። የማላውቃቸውን ሰውዬ እያሰብኩ፣ የራሴንም ሙታን እያሰብኩ፣ አንጀቴ እስኪርስ አለቀስኩ።

ከቀናት በኋላ ሳህኔ ታጥቦ ተመለሰ። ከሱ ጋር ግን በራሳቸው ሳህን የብርቱካን ኬክ መጣ። እናቴ ያሳደገችኝ የሰው ዕቃ ባዶውን እንዳልመልስ ነው፤ ምንም ቢጠፋ ሁለት ሎሚ ጣል ይደረግበታል። ስለዚህ የኬኩን ሳህን ምስር ሞልቼበት መለስኩት። ለካ እሳቸውም እንደዚያው ነው ያደጉት። ብስኩት መጣ። ድፎ ዳቦ ላክሁ። የፖም ኬክ መጣ። ጎመን በድንች ላክሁ። የትኛው ሳህን የማን እንደሆነ እስኪጠፋን ድረስ በዚያ አጥር ላይ ያልተሻገረ የምግብ ዓይነት የለም። እኔ እሳቸው ስለሚወዱት ነው የማበስለው ብዬ አስባለሁ፤ እሳቸው ምን እንደሚያስቡ አልጠየቅኩም። እየቆየ "እማማ" እላቸው ጀመር። ትርጉሙን ጠየቁኝ። እናት ለሚሆኑ ትልቅ ሰው የሚባል ነው አልኳቸው። "በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ስም አወጣሽልኝ" ብለው ሳቁ።

የጽሑፌን መጀመሪያ እንደጨረስኩ እንግሊዝኛውን ቢያዩልኝ ብዬ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፤ እርሳሳቸውን ቀረጹ። ርዕሱን ሲያነቡ ግን እርሳሱን አስቀመጡት።

"እኔ እኮ እዚህ ውስጥ ነበርኩ" አሉ።

ያኔ ገና ልጅ እግር ነበሩ። እዚሁ ምዕራብ ሜልቦርን፣ ወንዙ ዳር በነበረ የምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ አትክልት ይልጣሉ፣ ይከትፋሉ፣ ጣሳ ይሞላሉ። የአሜሪካ ወታደሮች ወደ ፓስፊክ ሲወርዱ ከተማው ውስጥ ሰፍረው ነበር። አሜሪካ ለአውስትራሊያ መኪናና አውሮፕላን ትልካለች፤ አውስትራሊያ ደግሞ የአሜሪካን ወታደር ታበላለች፣ ታለብሳለች። እኔ ውሰቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚፈስ መስሎኝ ነበር። ለካ ተቀባዩም እየላከ ነበር።

"ችግሩ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አሉኝ እማማ። "የበግ ሥጋ አይወዱም።"

"የበግ ሥጋ?" ጮህኩ። መቼም እንደዚህ ዓይነት ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

"አንድ አገር ሙሉ በግ አለን፤ እነሱ ግን አፍንጫቸውን ይዘው ይሸሻሉ። ጣፋጭ በቆሎ ይፈልጋሉ። የቲማቲም ጭማቂ ይፈልጋሉ። ገበሬዎቻችን ዘርተውት የማያውቁትን ሁሉ ዘሩ። እኛም አሸግን። እጄ ካሮት ካሮት ከመሽተቱ የተነሳ እናቴ ‘ጥንቸል እንዳይበላሽ’ ትለኝ ነበር።"

ወንድማቸው ያኔ ኒው ጊኒ ጦር ግንባር ነበር፤ የሚነዳው የአሜሪካ ካሚዮን፣ የሚበላው እህቱ ፋብሪካ የታሸገ አትክልት። ሲመለስ "መኪናው የነሱ፣ ምግቡ የኛ፣ ጭቃው የሁላችን" ይል ነበር አሉኝ።

"ያሸጉትን ካሮት ወንድምዎ ወደዱልዎ?"

"ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ካሮት በአፉ አልዞረም" አሉና ዓይናቸው እንባ እስኪያወጣ ሳቁ።

ያን የቆረቆረኝን ጥያቄ አነሳሁላቸው። የተበላው እንዴት ተመለሰ? ትከሻቸውን ነቀነቁ። "የተበላማ ተበላ። ማን ይጠይቃል?" አሉ። እኔም በኋላ ሳነብ ያገኘሁት ይህንኑ ነው። ጦርነቱ ላይ ያለቀው እንዳለቀ ተቆጥሮ ቀረ፤ ታንክ የላከም ታንክ መልሱልኝ አላለም። አንዱ ብረት ያለው ብረት ላከ፣ አንዱ መሬትና እጅ ያለው ድንች ላከ፤ የተያዘው ጉዳይ አንድ ስለሆነ ሁሉም በየፊናው እንዳዋጣ ተወሰደ።

አንድ ቀን ደግሞ ባቡር ላይ ይህንኑ ሳነብ የኢትዮጵያን ስም አገኘሁ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ለኛም ጥቂት ደርሶናል። ከነዚያ ግዙፍ አገሮች አጠገብ አገራችን ኢምንት ናት፤ ግን ከወዳጆቹ ጋር ነው የተጻፈችው፣ ከድሆቹ ጋር አይደለም። ደጋግሜ ሳነበው መውረጃዬ አለፈኝና ከሚቀጥለው ጣቢያ በእግሬ ተመለስኩ።

እኔ የማውቀው ርዳታ ሌላ ነዋ። ልጅ ሆኜ ሱዳን ውስጥ ስደተኛ ጣቢያ ነበርን። ዱቄቱ በጆንያ፣ ዘይቱ በጣሳ ይመጣል፤ ጣሳው ላይ የሰጪው አገር ባንዲራ ታትሟል። ሰልፉ ላይ ቆመሽ እጅሽን ትዘረጊያለሽ። እናቴ ዘይቷን ይዛ ስትመለስ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ከሱ ላይ በሲኒ ቀድታ ለጎረቤቷ መስጠት ነበር። ጎረቤቷ እኮ ከዚያው ሰልፍ፣ ከዚያው ጣሳ፣ ያንኑ ያህል ተቀብላ ነው የመጣችው! ያኔ ሞኝነት ይመስለኝ ነበር። ትልቅ ሰው ስሆን ነው የገባኝ፤ እናቴ ያችን ሲኒ ዘይት ካልሰጠች ቀኑን ሙሉ ተቀባይ ብቻ ሆና መዋሏ ነው። ያን ደግሞ አልቻለችም።

ይህን ሁሉ አውቄ ግን አጥሩ ወዲያ ያለውን ነገር ሳላይ ቀረሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የእማማ ልጅ በራችንን አንኳኳ። ሃምሳን የተሻገረ፣ ከከተማው ወዲያ ጫፍ የሚኖር፣ ሳምንት አልፎ ሳምንት እናቱን የሚጠይቅ ጨዋ ሰው ነው።

"እናቴ ተቃጥላለች" አለኝ።

ትኩሱን ትሪ ከምድጃው ሲያወጡ ጉልበታቸው ከድቷቸው በአንድ እጃቸው የጋለውን ብረት ተደግፈው ኖሯል። መዳፋቸው ተልጧል። ዕድለኛ ሆነው አጥንት አልተሰበረም።

"ስለምታደርጊላት ሁሉ አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው" አለኝ። "ግን እባክሽ ምግብ አትላኪላት። ያንቺ ምግብ በመጣ ቁጥር ‘መጋገር አለብኝ’ ትላለች። ቆማ መዋል አትችልም፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ከሆነች የአረጋውያን መጦሪያ፣ ኤጅድ ኬር፣ ከማስገባት ሌላ ምርጫ የለኝም። እሷ ደግሞ ከዚህ ቤት ከወጣች የምትኖር አይመስለኝም።"

እሱ ከሄደ በኋላ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የላክሁትን እያንዳንዱን ሳህን አሰብኩት። እኔ ፍቅር ነው ብዬ የላክሁት እሳቸው ጋ ሲደርስ የሥራ ትእዛዝ ይሆን ነበር። እኔ ቤት ባዶ ሳህን መመለስ ነውር ነው፤ እሳቸው ቤትም ነውር ነው፤ ሁለታችንም ባለጌ ላለመባል ስንሽቀዳደም ያረጀ እጅ ተቃጠለ። አፈርኩም፣ አዘንኩም።

ምግብ መላክ አቆምኩ። ልብስ ሳሰጣ ወደ አጥሩ አልጠጋም። ሰላምታዬንም አሳጠርኩ፤ ብዙ ከቆምኩ እነግራቸዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ይህም ጥፋት ሆነ። አንድ ከሰዓት በኋላ እጃቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ አጥሩ ጋ መጥተው ቆሙ።

"ምን አድርጌሽ ነው?" አሉኝ።

"ምንም እማማ፣ ኧረ ምንም!"

"ባሌ ሲሞት ብቸኛዋ የመጣሽ ሰው አንቺ ነሽ። አሁን አንቺም ተውሽኝ።"

ከዚህ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። ልጃቸው ያለኝን ነገርኳቸው። መጀመሪያ በልጃቸው ተቆጡ፤ እኔ የማላውቀው የእንግሊዝኛ ስድብ ሁሉ ወጣ። ቁጣው ሲያልቅ ግን ፊታቸው ላይ የቀረው ፍርሃት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከካውንስል፣ ከሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት፣ ሰው ልትመጣ ነው፤ ብቻቸውን መኖር ይችሉ እንደሆነ ልታይ።

"ማንም አያስፈልገኝም እላታለሁ" አሉ።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ግማሾቹ የሚሠሩት ኤጅድ ኬር ውስጥ ስለሆነ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። በተቃጠለ እጁ "ማንም አያስፈልገኝም" የሚለውን ሰው ነው የሚወስዱት። የሚደርስለት ያለው ሰው በቤቱ ይቆያል።

"እንደሱ አይበሉ" አልኳቸው። "ጎረቤቴ ምሳ ታመጣልኛለች ይበሉ። በየቀኑ አመጣለሁ። እርስዎ ግን ምንም አይጋግሩም።"

"የማልመልሰውን ነገር አልቀበልም። ተቀብዬም አላውቅም።"

እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር ብዙም አልፈጠረብኝም። "አሜሪካኖቹ መኪና ሲሰጧችሁ መኪና ነው የመለሳችሁት?" ብዬ ጮህኩ። "ካሮት አይደለም የሰጣችኋቸው?"

"ያ ጦርነት ነው፣ የኔ ልጅ" አሉኝ ፈርጠም ብለው። "ይሄ ምሳ ነው።"

ሳቄ አመለጠኝ። "እርስዎስ ጽሑፌን አላረሙልኝም? እርስዎ ባይኖሩ ነርስነቱ ቀርቶ ገና የጽሑፌ መግቢያ ላይ ቆሜ ነበር።"

"እሱማ ቁጭ ብዬ የምሠራው ነው። ምኑ ሥራ ነው?"

"ካሮት መላጥስ ቁጭ ተብሎ አይደለም?"

"ቆመን ነበር" አሉኝ። ተሸንፌ ገባሁ።

ስገባ ጠረጴዛው ላይ የሳቸው ሳህን ተቀምጧል፤ ዳሩ ላይ ሰማያዊ አበባ ያለበት፣ የመጨረሻው የፖም ኬክ የመጣበት። ልመልሰው እያሰብኩ ነበር፤ ምን ልጨምርበት እያልኩም ነበር። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሴትየዋ ላይ ባዶ ሳህን ይመልሱ እያልኩ የምጮህ እኔ፣ ራሴ በሕይወቴ አንድ ቀን መልሼ አላውቅም። ሎሚ የሌለው ሳህን ይዤ የሰው በር ላይ ስቆም ይታየኛል፤ እናቴ ከመቃብር ተነስታ የምትቆነጥጠኝ ይመስለኛል። ሳህኑን አጠብኩት። አደረቅኩት። አንዴ ብርቱካን አነሳሁ፤ አስቀመጥኩ። ከዚያ ሳላስብበት ፈጠን ብዬ ወጣሁና በአጥሩ ዞሬ በራቸውን አንኳኳሁ።

ሳህኑን ሰጠኋቸው። ባልተቃጠለው እጃቸው ተቀብለው አዩት፤ ገለበጡትም።

"ባዶ ነው" አሉ።

"ባዶ ነው" አልኳቸው። ፊቴ ይነዳል። "እኛ ዘንድ እንዲህ አይደረግም። ለማንም አድርጌ አላውቅም። የላኩልኝን በልቼዋለሁ፤ ጣፍጦኛል፤ ምንም አላመጣሁልዎትም።"

ሳህኑን ደረታቸው ላይ ያዙት። ከዚያ በሩን ሳይዘጉ ወደ ውስጥ ገቡ። እርሳሳቸውን ይዘው ሊመለሱ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም፤ ሳህኑን መደርደሪያው ላይ ሊያስቀምጡ ነው የሄዱት። ሲመለሱ "የካውንስሏ ሴት ማክሰኞ ነው የምትመጣው፤ ብትኖሪልኝ ደስ ይለኛል" ብቻ አሉኝ። ተስማሙ ወይ አልተስማሙም፣ አላወቅኩም።

ከካውንስል የተላከችው ልጅ ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች፣ ጫማዋን በር ላይ ልታወልቅ የፈለገች። አራታችን የእማማ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ልጃቸው የመኪናውን ቁልፍ በጣቶቹ መካከል ያሽከረክራል። እማማ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ የታሰረውን እጅ ጭናቸው ላይ ከጠረጴዛው በታች ደብቀውታል። ልጅቷ ትጠይቃለች፤ እሳቸው ይመልሳሉ። መታጠብ? ራሴን እችላለሁ። ልብስ መልበስ? ራሴን እችላለሁ። ደረጃ መውጣት? እችላለሁ። ልጃቸው ወለሉን ያያል። እኔ ምላሴን ነክሼ ይዣለሁ፤ የተናገርኩ እንደሆነ ልመና ያስመስልባቸዋል።

"ምግብስ?" አለች ልጅቷ። "በዚህ እጅዎ ማን ይረዳዎታል?"

እማማ በደህናው እጃቸው የቀሚሳቸውን ጫፍ አስተካከሉ። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ አስታማሚያቸው ነሽ?"

አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"አይደለችም" አሉ። "አጋሬ ናት።"

ልጅቷ አልገባትም። "አጋር ሲሉ... እንዴት ያለ አጋር?"

"እሷ ምሳዬን ታመጣለች። እኔ ትምህርቷን አርማለሁ። ነርስ እስክትሆን ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ የሚያስፈልጋት ነገር አይጠፋም።" የታሰረውን እጅ ከጠረጴዛው በታች አውጥተው ሁላችንም በምናይበት አስቀመጡት። "እጄ እንግዲህ ይኸው ነው። መጋገር አልችልም። ትሪ አነሳለሁ ብዬ ነው የተቃጠልኩት። ልጄን ‘ምንም አይደለም’ ብዬዋለሁ፤ ውሸት ነው፤ በጣም ያመኛል።"

ልጃቸው ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና እጁን በእናቱ ክንድ ላይ አደረገ። የካውንስሏ ልጅ ለመታጠቢያ የሚሆን መያዣ ብረት ስለማስገባት፣ በሳምንት አንዳንድ ቀን ስለምትመጣ ረዳት ማውራት ጀመረች። እማማ እያንዳንዱን "እሺ" እያሉ ተቀበሉ፤ በያንዳንዱ እሺ አንገታቸው ትንሽ ይሰበራል፤ ግን ተቀበሉ። ስለ ኤጅድ ኬር ማንም አላነሳም።

እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ጭንቅላቴን ቀና ማድረግ አልቻልኩም፤ እንባዬ ይመጣብኛል። በውሰት ስለ ተሰጠ ስንቅ ስንት መጽሐፍ አገላብጬ፣ ስንት ገጽ ጽፌ፣ መቀበል ከመስጠት የበለጠ ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈልግ አንድም ቦታ አልጻፍኩም። ያየሁት ያን ቀን ነው።

ልንነሳ ስንል እማማ ጠሩኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከማንም ምንም ጠይቀው የማያውቁት ሴትዮ፣ በልጃቸው ፊት፣ በእንግዳ ሰው ፊት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁኝ።

"ነገ ምን ታመጪልኛለሽ?"